ፊቱን የማያዞር ሱፍ

መስከረም 24 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ በሚገኝ የሱፍ ማሳ ዳር አንድ ፎቶግራፍ ተነሣ። ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ቀኑንና ሰዓቱን ከትዝታዬ አላመጣሁትም። አጎቴ ጋሼ ክፍሌ በፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጽፎታል። ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ይሠራ ስለነበር፣ ሰዓትና ቀን ያልተጻፈበት ፎቶ ከእጁ አይወጣም። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ከመዳፍ አይበልጥም፤ አንዱ ጥግ ታጥፏል። በዜና ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ስቆይ ብዙ ፎቶ አንስቻለሁ፣ ብዙም አስነስቻለሁ። ይህኛውን ግን ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ያኔ ቤታችን ገርጂ ዳር ነበር። አስፋልቱ ያልቅና ጭቃው ይጀምራል፤ ከጭቃው ወዲያ እስከ ለሚ መንደር ድረስ ማሳ ነው። የዚያ ዘመን የቦሌ ልጆች ያስታውሱታል፤ ክረምቱ ሲወጣ የእርጥብ አፈርና የበረት ሽታ እስከ ጓዳ ይገባ ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ሲያልፍ አንድ እግራችንን እንዳነሣን ቆመን እናያለን፤ ካለፈ በኋላ “መስመር ረግጠሻል”፣ “አልረገጥኩም” የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል። እኔ በየጠዋቱ የአልሙኒየም ጣሳ ይዤ አባባ ጉርሜሳ ቤት ወተት ላመጣ እሄድ ነበር። አባባ ጉርሜሳ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። አንድ ልጃቸው ፈይሳ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር።

የፈይሳን ደብዳቤ ለአባቱ የማነበው እኔ ነበርኩ። አባባ ጉርሜሳ መሠረተ ትምህርት ተምረው የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ለምን ራሳቸው እንደማያነቡ ስጠይቃቸው፣ “ፊደሉን እኔ አውቀዋለሁ፤ እሱ ነው እኔን የማያውቀኝ” ይሉኛል።

ፎቶው ከመነሣቱ በፊት በነሐሴ የመጣው ደብዳቤ ግን ሳቅ የሌለበት ነበር። አባባ ጉርሜሳ ልጃቸው እንዳይጨነቅ ብለው በሬያቸው መሞቱን ደብቀውት ኖሯል። ፈይሳ ከአገሩ ልጅ ሰማ። “አባባ፣ በሬው ደህና ነው ብለው አጻፉልኝ። ከእንግዲህ ደህና ነው የሚሉኝን ሁሉ እንዴት አድርጌ ልመን? ሱፉስ በእርግጥ ተዘርቷል? ወይስ ማሳው ጦም አድሯል?” ይላል። ሱፉ የእሱ ነገር ነበር። እዚያ ሰፈር ማንም ሳይዘራው ዘሩን ከደብረ ዘይት ተሸክሞ ያመጣው፣ አባቱን ለምኖ ከስንዴው ማሳ ግማሹን የወሰደው እሱ ነው።

አባባ ጉርሜሳ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። “ሱፉ ተዘርቷል እኮ” አሉኝ፣ የካድኳቸው ይመስል። “እዚያ ማዶ ቆሟል። አንቺስ አይተሽዋል አይደል?” አየሁት አልኳቸው። “እሱ ግን አላየውም።” ማታውኑ ቤታችን መጥተው ጋሼ ክፍሌን ለመኑት። ቃል ልጃቸውን ከቶ እንደማያሳምነው ገብቷቸዋል። ፎቶ ፈለጉ።

ጋሼ ክፍሌ ወዲያው እሺ አላለም። በዚያ ጊዜ ካሜራ አንግቶ በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አካባቢ መዞር ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል። ሲያስብ ሰንብቶ አንድ ዘዴ መጣለት። ሱፍ ፀሐይን ይከተላል፤ ስለዚህ ሲመሽ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል። እኛ ከማሳው በስተምዕራብ፣ ጀርባችንን ለአውሮፕላን ማረፊያው ሰጥተን እንቆማለን። አበባው ወደ እኛ ያያል፣ የምትጠልቀው ፀሐይም ታበራበታለች፤ ካሜራው አንድም ክልክል ነገር አያይም። እኔም የሳይንስ አስተማሪያችን ይህንኑ እንደነገረችን መሰከርኩ። ሁለታችንም ገበሬውን አልጠየቅንም።

ያን ቅዳሜ ስንደርስ አባባ ጉርሜሳ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ማሳው ጫፍ ላይ ይጠብቁናል። ሱፉ ከእሳቸው ይረዝማል። ከእግሩ ሥር አደይ አበባ ፈልቷል፤ ጉልበቴ ድረስ ቢጫ ሆንኩ። ንቡ ገና አልገባም። ግን ወደ እኛ የሚያይ አንድም የሱፍ አበባ አልነበረም። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶናል።

“ገና አልዞረም ማለት ነው?” አለ ጋሼ ክፍሌ ሰዓቱን እያየ።

አባባ ጉርሜሳ ከልባቸው ሳቁ። “ማን ይዞራል አላችሁ? ልጅ ሳለ ነው የሚዞር። ራሱ ከከበደ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጎ ይቀራል። እንደ እኔ ማለት ነው፤ አንገቱ እሺ አይለውም።”

ጋሼ ክፍሌ ከጀርባው ላንሣው፣ ያው ሱፍ መሆኑ ይታወቃል አላቸው። የአባባ ጉርሜሳ ሳቅ ቆመ። “ለልጄ ጀርባ አልልክም” አሉ። “ደግሞም ፍሬውን ካላየ አያምነኝም።” ጠዋት ብንመለስስ ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ ክፍሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ጠዋትም ማታም አበባው የሚያየው ወደ ምሥራቅ ነው። ፊቱን የሚፈልግ ሰው ከምሥራቅ ቆሞ ካሜራውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ማዞር አለበት።

አንዴ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ከዚያ “ቶሎ በሉ” አለና ማሳውን ዞረን ሄድን።

ከወዲያ በኩል አበባው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እኛ አየ። ፀሐይዋ ከከተማው በላይ በቀጭን ደመና ተሸፍና ነበር፤ ብርሃኑ ለስልሶ የማር መልክ ይዟል። አባባ ጉርሜሳ ከሱፉ ፊት ለፊት ተገትረው፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ አጣብቀው፣ ለመሐላ የቀረቡ መሰሉ። ጋሼ ክፍሌ ሦስት ጊዜ አነሣ። አራተኛውን ሲያስተካክል ከኋላችን “ቁም! ካሜራውን አውርድ!” የሚል ድምፅ ሰማን።

የአጥሩ ጠባቂ ወታደር ነበር፤ ክንዱ ላይ የአሥር አለቃ ማዕረግ አለ፤ ጠመንጃውን አንግቷል። ካሜራውን ከጋሼ ክፍሌ አንገት አውልቆ በማነጣጠሪያ መስኮቷ አየ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ሱፍ ነው፣ ጓድ አሥር አለቃ።”

“ከሱፉ ኋላ የቆመውስ? እሱም ሱፍ ነው?” የአውሮፕላን ማረፊያውን የመቆጣጠሪያ ማማ ማለቱ ነው። “‘ጓድ’ የሚለውን ደግሞ ለቀበሌህ አስቀምጠው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ፣ ምን ስታነሡ ነበር?”

ጋሼ ክፍሌ “ሕፃን ናት” ብሎ ሊገባ ሲል ወታደሩ በእጁ ዝም አሰኘው። እኔ ሁሉንም ነገርኩት። የበሬውን ሞት፣ ደብዳቤውን፣ አበባው አለመዞሩን። “ሦስት አንስቷል” አልኩ። “ማማውም ሳይገባ አይቀርም።” የጋሼ ክፍሌን ፊት ያን ጊዜ ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔን አደዩ ላይ ተከልኩ።

ወታደሩ ወደ ሽማግሌው ዞረ። “አባት፣ ልጅዎ የት ነው ያለ?”

አባባ ጉርሜሳ ደብዳቤውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። የጦሩን የፖስታ ቁጥር አየ፤ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ በእጥፋቱ አጥፎ መለሰላቸው። “ፊልሙ ይወጣል” አለ። ቁጣው ግን ከድምፁ ጠፍቶ ነበር።

ጋሼ ክፍሌ የካሜራውን ጀርባ ከፈተ። የተነሣው ሁሉ ብርሃን በላው። ሦስቱ ብቻ አይደሉም፤ በእንቁጣጣሽ ቀን ቤታችን ያነሣን ስድስት ፎቶዎችም አብረው ሄዱ። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ የተነሣችው እዚያ ውስጥ ነበር።

“የተረፈ አለው?” አለ ወታደሩ።

“ገና ያልተነሣው ተጠቅልሎ የፊልሙ ቀፎ ውስጥ ነው። ደህና ነው።”

ወታደሩ አንዴ ሱፉን፣ አንዴ ማማውን ያያል። ያኔ ነው “ከእኔ ጋ ግን ማማው አይታይም” ያልኩት። እውነቴን ነበር፤ በእኔ ቁመት ሱፉ ሁሉን ይሸፍነዋል። ወታደሩ ቆቡን አውልቆ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ጉንጩ ከጉንጬ እኩል ሆነ፤ የሳሙናና የሲጋራ ሽታ አለው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ምዕራብ አየ።

“እውነቷን ነው” አለ። “እንግዲያው እሷ ታንሣ። አንድ ብቻ። አንተ ቆመህ ብትነካው ግን አንተም ካሜራህም ከእኔ ጋር ታድራላችሁ።”

ጋሼ ክፍሌ ጀርባውን ዘጋ፤ ፊልሙን አዞረ፤ ብርሃኑን ለክቶ ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ከበደኝ። “ትንፋሽሽን ያዢና ተጫኚው” አለኝ። አባባ ጉርሜሳ በመስኮቷ ውስጥ እንደ ዛፍ ረዝመው ታዩኝ፤ ከእግራቸው ሥር አደይ፣ ከራሳቸው በላይ ሱፍ። ተጫንኩት።

ወታደሩ ከመሄዱ በፊት አንዱን አበባ ጎንበስ አድርጎ ፍሬውን በአውራ ጣቱ ተጫነ። “ለአጨዳ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል” አላቸው። አባባ ጉርሜሳም “ሦስት ሳምንት” አሉ። ስሙን አልነገረንም።

ፎቶው በሁለት ቅጂ ታጠበ። አንዱን ደብዳቤ ውስጥ ጨምረን ላክን፤ አንዱ ይኸው እኔ ዘንድ አለ። እናቴ ስለ ጠፋው ፎቶዋ የተናገረችው “ቀሚሱ እንደሆነ አለ” ብቻ ነው።

መልሱ ታኅሣሥ ላይ መጣ። አባባ ጉርሜሳ በረት ደጃፍ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። “አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ። ፎቶው ደርሶኛል። ሱፉ አፍርቷል፤ አምኛለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ግን ያ ኬሎ ምንድን ነው?” ኬሎ የሚለው አደይ አበባውን ነው። “ከእግርዎ በስተግራ ረድፉን ሞልቶታል። እኔ ስለሌለሁ ማሳው ባለቤት አጣ? ለከርሞ በደንብ ይታረም። መጥቼ አየዋለሁ።” ጋሼ ክፍሌ ቆሞ አንስቶት ቢሆን ኖሮ አደዩ ባልታየ ነበር። አባባ ጉርሜሳ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። “አያችሁት? ገበሬ ነው! ወታደር ሊያደርጉት አልቻሉም” ይላሉ፤ እዚያ ያለነው ግን እኔና ጥጃዋ ብቻ ነበርን።

ከዚያ በኋላ አራት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። መልስ አልመጣም። በተከታዩ ዓመት መስከረም ወተት ላመጣ ስሄድ ማሳውን ረድፍ በረድፍ ዞርኩት። ሱፉ ቆሟል። ከሥሩ አንድም አደይ አልነበረም።

በ1983 ጦርነቱ ሲያበቃ አባባ ጉርሜሳ ብዙ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጠው ከሰሜን በእግራቸው የሚገቡትን ወታደሮች ይጠይቁ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። እኔ ጋዜጠኛ ከሆንኩ ወዲህ የፈይሳን ነገር አፈላልጌያለሁ። አብሮት የነበረ አንድም ሰው አላገኘሁም። ሞተ ብዬ አልጽፍም፤ አላረጋገጥኩም። አለ ብዬም አልጽፍም።

ባለፈው መስከረም ለሥራ ወደ ለሚ ሄጄ ነበር። ማሳው የነበረበት ቦታ አሁን የፋብሪካ አዳራሽና የአጥር ግንብ ነው። ፈረቃ የጨረሱ ልጃገረዶች በቡድን በቡድን ይወጣሉ። ሦስቱ አጥሩ ሥር ወርደው፣ አደይ አበባ ውስጥ ቆመው፣ በስልክ እየተነሣሡ ይሳሳቃሉ። ከፊት ለፊታቸው ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል። አንዷ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

“ማዘር፣ አንድ ሦስታችንንም ያንሱን።”

ቁጢጥ አልኩ።

“ኧረ ማዘር፣ ጉልበትዎን! ቆመው ያንሱን እንጂ!”

ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። አንዱን ቁጢጥ ብዬ፣ አንዱን ቆሜ አነሣሁላቸው። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሠላሳ አምስት ነበር። አደዩ ከአጥሩ ሥር ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ ሞልቷል፤ ያረመው የለም።