ለደመራ ያነደድኩት የንቦች ቤት

ደርግን ሸሽተን ናይሮቢ የገባን ሰሞን፣ እኔና ባለቤቴ ካሳራኒ ሰፈር አንዲት ክፍል በነፃ አገኘን። ነፃ ስል፣ ውላችን የአከራያችንን፣ የአንዲት ኪኩዩ አሮጊትን፣ የፓሽን ፍሩት ሐረግ እንድንንከባከብ ነበር። ፍሬው ከጠፋ ክፍሏም ትጠፋለች።

ሥራው አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ናፍቆት ነው። መስከረም ሲመጣ ደመራ ካላበራሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ባለቤቴ «በሰው ግቢ እሳት አታንድድ» ብትለኝም አልሰማኋትም። አሮጊቷ ልጃቸውን ሊጠይቁ ገጠር ሄደው ስለነበር፣ ከክፍላችን ጀርባ የተደገፉትን ያረጁ የአጥር ቋሚዎች ሰብስቤ አቆምኩ። የሰፈሩ ሐበሾች መጡ፣ ዘመርን፣ ደስ አለን። ደመራው ወደ ምሥራቅ ሲወድቅ ዓመቱ ጥጋብ ነው ብዬ ተነበይኩ። ለትንቢት እኔን የሚያህል አልነበረም።

ዝናቡ ጥሎ ሐረጉ በአበባ ተሸፈነ። አበባው ግን ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፍ ጀመር። ቦይ ቀየርኩ፣ ፋንድያ ጨመርኩ፣ ምንም። ባለቤቴ እንቅልፍ አጣች።

አሮጊቷ ተመልሰው ሐረጉን ካዩ በኋላ ወደ ጀርባ ዞሩ። «ቋሚዎቹስ?» አሉኝ በስዋሂሊ። ነገርኳቸው። ከእሳቱ የተረፈ ጉማጅ አንስተው ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አሳዩኝ።

«ትልልቆቹ ጥቋቁር ንቦች እዚህ ውስጥ ነበሩ። ይህን አበባ ፍሬ የሚያስይዙት እነሱ ናቸው። ቤታቸውን ነው ያቃጠልከው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው የሌላውን ቤት ያነዳል?

«እንልቀቅ፣ ማማ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ቤታቸውን ሥራ» አሉኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ እኔና ባለቤቴ የአበባውን ብናኝ በዶሮ ላባ ከአበባ ወደ አበባ ስንቀባ ከረምን። «ንብ መሆን ብቻ ነበር የቀረህ፣ እሱንም ሆንክ» እያለች ትስቅብኛለች። ጥቂት ፍሬ ያዘልን። ከየሰፈሩ ደረቅ ግንድ ተሸክሜ ዝናብ በማይደርስበት ጣሪያ ሥር ደረደርኩ። ንቦቹ ግን ወራት ጠፉ።

አንድ ጠዋት ደፋችን ላይ ሳጋቱራ ፈሶ አገኘን። አንዲት ጥቁር ንብ ያን ሁሉ ግንድ ትታ የበራችንን መቃን ትበሳለች። ባለቤቴ ቀዳዳውን በጭቃ ልትደፍን ተነሣች፤ እጇን ይዤ ለመንኳት። አሮጊቷ ድምፃችንን ሰምተው መጡ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ ሳቁ።

«እንግዲህ እናንተም የትም አትሄዱም» አሉ።

ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥታ ለመስኮታችን መጋረጃ ገዛች።