ገል ይዛ የመጣችው እህቴ

እባክሽ ያንን ክብሪት አጥፊው፤ ሽታው አናቴን ይበጠብጠዋል። እናንተ ጫር ታደርጉና ይበራላችኋል። በእኛ ጊዜ እሳት የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ጎረቤት ይሄዳል፤ ፍም ይሰጡታል። እሳት የከለከሉት ሰው ከሰው ተራ ወጣ ማለት ነው።

ጣልያን የገባ ጊዜ፣ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ካለችው መንደራችን በላይ ሰፈረ። ለበቅሎው ድርቆሽ፣ ለራሱ ዶሮና እንቁላል ሽጡልኝ አለ። እግሩ ይሰበርና! ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው፣ "ጠመንጃችንን ገፎናል፤ እምቢታችንን ግን አይገፍፈንም። ለጣልያን አንዲት እንቁላል የሸጠ የተወገዘ ይሁን። ለተወገዘው እሳት የሚሰጥም እንደዚያው" አሉ። ገበያው ጭር አለ። ጣልያኖቹ ሰው ገረፉ፣ ጎተራ አፈረሱ፤ ማንም ንቅንቅ አላለም።

አንድ ሰው ብቻ ድርቆሽ ጭኖ ሄደ። የእህቴ ባል ነው፤ ያ ሆዳም ባንዳ!

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ውሎ፣ እህቴ የሦስት ወር ልጇን አዝላ፣ ገሏን ይዛ ከደጃችን ቆመች። እናቴ ከጓዳ ሆና በዓይኗ ጠቀሰችኝ። በሩ ላይ ተጋርጄ ቆምኩ።

"እሳት ጠፋብኝ። ትንሽ ፍም ብትሰጡኝ?"

"የለንም።"

"እማዬስ?"

"የለችም።"

ቀና ብላ ከጣሪያችን የሚወጣውን ጭስ አየች። የኩበት ጭስ ነው፤ ሽታው ከዝናቡ ጋር ደጁን ሞልቶታል። ገሏን ነጠላዋ ሥር ከታ ዞረች። እኔ ደግሞ፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ "ድርቆሹን አንድጂው!" ብዬ ጮህኩባት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ጣልያን ወጣ። ግዝቱ በተፈታ ማግስት እናቴ ማለዳ ተነስታ ትልልቁን ፍም መርጣ ገል ላይ አኖረች፤ አመድ አልብሳ፣ በእጇ እየከለለች ዳገቱን ወጣች። እኔም ተከተልኳት። እህቴ በሩን ከፈተች። ልጇ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል።

"እሳት አመጣሁልሽ፣ ልጄ።"

"አለኝ" አለች እህቴ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

ቀና ብዬ ጣሪያዋን አየሁ። ጭስ የሚባል የለም።

ዛሬም ቢሆን ለጣልያን ገለባ አልሰጥም፤ በእሱ አልጸጸትም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን እናቴ ፍሙ አመድ እስኪሆን እዚያው ቆመች። ከዚያ አመዱን ከደጃፉ አራግፋ፣ ባዶ ገሏን ይዛ ወደ ቤታችን ወረደች።