ሽርጥ ለብሶ አይገባም

ፊሽካ አልወድም። ትናንት እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ መሐል የባጃጅ ተራ አስከባሪው ጆሮዬ ሥር ሲነፋው ወገቤ ሳላዘው ቀጥ አለ፤ እጄም ከጭኔ ጋር ተጣበቀ። አጠገቤ የቆመችው ልብስ ሻጭ ሳቀችብኝ። ትሳቅ፤ እሷ ምን ታውቃለች?

ወታደር ሆኜ አላውቅም እኮ። የጦር ኮሌጅ ውስጥ የተማርኩ ሲቪል ነኝ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ድሬን ለቅቄ እዚያ ብርዳም አገር የገባሁት ጤና ልማር ነበር። ወታደሮቹ ተማሪዎች ማዕረግ አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው። ለእኛ የደረሰን ፊሽካው ብቻ ነው። በፊሽካ እንነሣለን፣ በፊሽካ እንበላለን፣ በፊሽካ እንተኛለን። የመኝታ ቤቱ የጫማ ቀለምና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የበሩ ኃላፊ፣ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ "ሲቪል" ብሎ ሲጠራን ቆሻሻ የረገጠ ይመስል ነበር። አቦ፣ ያንን ሰውዬ አልወደውም። አልወደውም ነው የምልህ።

አባቴ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ቅመም ይሸጥ ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣው አንዴ ብቻ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ፣ እናቴ የቋጠረችልኝን ጣፋጭ ሙሸበክ ይዞ፣ እንደ ልማዱ በሽርጥና በኮት። ከሰዓት በኋላ በሚነሣው አውቶቡስ መመለስ ነበረበት። እኔ ከበሩ ወዲህ፣ እሱ ከበሩ ወዲያ ሆነን ስንተያይ ሃምሳ አለቃው መሐል ገባ።

"ቀሚስ ለብሶ እዚህ አይገባም" አለ።

አባቴ ሽርጥ የወንድ ልብስ መሆኑን፣ አገራችን ሙቀት እንደሆነ በትሕትና ሊያስረዳው ሞከረ። ሲደነግጥ አማርኛው ውስጥ ሶማሊኛውም ኦሮምኛውም ገባበት። ጥበቃዎቹ ሳቁ። ሃምሳ አለቃው ሱሪ ካልለበሰ በመጣበት ይመለስ ብሎ ፊቱን አዞረ። ደሜ ፈላ። ብናገር ግን የምባረረው እኔ ነኝ፤ አባቴም ይህን ስለሚያውቅ በዓይኑ ዝም አሰኘኝ።

ሮጬ ሄጄ የራሴን ሱሪ አመጣሁና በአጥሩ አሾልኬ ሰጠሁት። እኔ ያን ጊዜ ክስት ያልኩ ቀጫጫ ነኝ፤ አባቴ ደግሞ ቦርጭ ነበረው። ከሽርጡ ሥር እየታገለ አጠለቀው፤ ሽርጡን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘ። አዝራሩ አልገጥም አለ። የመጋላ ትልቅ ሰው፣ ሱሪውን በእጁ ጨብጦ፣ ልጆቹ የሚሆኑ ጥበቃዎች እየሳቁበት አልፎ ገባ። ሊያቅፈኝ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ሱሪው ሊወርድ ሲል አንዱን መለሰው። በአንድ እጁ ነው ያቀፈኝ።

"ወፍረሃል፣ ማሻአላህ" አለኝ። ወላሂ፣ አጥንቴ ይቆጠር ነበር።

አባቴ አሁን የለም። ያኔ ድሬ ሲመለስ ለእናቴ ምን እንዳላት የሰማሁት ለእረፍት ስመጣ ነው። "የበሩ አለቃ ብርድ እንዳይመታኝ ብሎ የራሱን ሱሪ አዋሰኝ" ብሏታል። እናቴ ዛሬም ሰግዳ ስትጨርስ ለዚያ ሰውዬ ዱዓ ታደርጋለች። "ለእንግዳ ያዘነ፣ አላህ ልጆቹን ያሳድግለት" ትልና ዞር ብላ ታየኛለች። ጥርሴን ነክሼ አሚን እላለሁ።