የአሪየት መንገድ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ጋምቤላ ከዋናው አስፋልት ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ የቀን ሠራተኞቹ በዲጂኖ ፈንቅለው ገለል ካደረጉት የኮንክሪት ክዳን ሥር ታፍኖ የኖረ ሽታ ድንገት ፊቴን መታኝ። የሞቀ ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ከላዩ ደግሞ የስንት ዓመት ቆሻሻ። ሥራዬ መናፈሻ መንደፍ ነው፤ እዚያ የተገኘሁትም ከተማው ውስጥ የተዳፈነውን ጅረት ከፍታችሁ፣ የነዋሪው ጆሮና አፍንጫ፣ ዓይንና መዳፍ ተፈጥሮን እንደገና እንዲያገኝ አድርጉ ተብለን ነው። አብራኝ የመጣችው ወጣት መሐንዲስ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና «እዚህ ውስጥ እውነት ጅረት ነበረ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያገኝ ሆዱ ይባባል ይላሉ። እኔ ግን ጥርሴን ነከስኩ።

ጅረትማ ነበረ። እናቴ ነርስ ነች፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ጋምቤላ ስንመጣ እኔ ገና ፊደል የምለይ ልጅ ነበርኩ። የተከራየናት ቤት የቆርቆሮ ክዳኗ በቀትር ስለሚግል ቀኑን ቤት ውስጥ መዋል አይታሰብም ነበርና፣ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ እኔም የዋልኩትና ያደግኩት ከአጥራችን ሥር በሚያልፈው ጅረት ዳር ነው። በበጋ ይመነምናል እንጂ አይደርቅም፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ደፍርሶ፣ ጉልበት አግኝቶ፣ የሴቶቹን ሳፋና የሳሙና ቁራጭ እየጠለፈ ባሮ ድረስ ይዞት ይሄዳል፣ ሴቶቹም በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛና በአማርኛ እየተሳደቡ ይከተሉታል። ማንጎው በደረሰ ጊዜ ጦጣዎቹ ከላይ እየገመጡ ይጥሉብናል፣ እኛም የጦጣ ትርፍ ነው ብለን ሳንጸየፍ አንስተን እንበላለን። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር ስለ ተቅማጥ ረጅም ትምህርት ትሰጠናለች፤ የምንሰማት ግን አፋችን ሞልቶ ነው።

አሪየት የጎረቤታችን ልጅ ናት። አኝዋክ ናት፣ እኩያዬ ናት፣ ገና ዳዴ ስትል ኩፍኝ ይዟት ሁለቱም ዓይኖቿ ጠፍተዋል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው፤ አስተማሪያችን ከፊት ያስቀምጣታል፣ ፈተናውንም በቃል ይጠይቃታል፣ እሷም መልሱን እየጮኸች ስለምትናገር እኔም ከኋላ ያሉትም በሙሉ እየሰማን እንጽፋለን። በክፍላችን የወደቀ ልጅ ያልነበረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ይህች ልጅ ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ የማንንም እጅ ሳትይዝ፣ ዱላም ሳትመረኩዝ፣ ብቻዋን ትሄድ ነበር። የምትሄደው በጅረቱ ነው። ውሃው ድንጋይ ላይ ሲወርድ የሚያሰማውን ጩኸት በግራ ጆሮዋ ይዛ ትነሳለች፤ ድምፁ ሲሳሳ ፊቷ ላይ ድንገት ቅዝቃዜ ይመጣል፣ ያ ትልቁ ሾላ ነው፣ እዚያ ቀኝ ትዞራለች፤ ከዚያ ቅርንጫፍ ላይ ጎጆ የሠሩት ወፎች ጫጫታ፣ ከዚያ የልብስ አጣቢዎቹ ሳሙና፣ በመጨረሻም መሬት ወድቆ የፈላ ማንጎ እንደ ጠላ ሲሸት ትምህርት ቤት ደርሳለች ማለት ነው። ሊመራት ብሎ ክንዷን የሚይዛትን ሰው ክርኗን እያወዛወዘች ታባርረዋለች።

አንድ ቀን ዓይንሽን ጨፍነሽ ተከተይኝ አለችኝ። ጨፈንኩ። መጀመሪያ ፍየል ላይ ወጣሁ፣ ቀጥሎ አንዲት ሴትዮ ያጠበችውን አንሶላ ይዤ ውሃ ውስጥ ገባሁ፣ አሪየት ሆዷን ይዛ እየሳቀች ሣሩ ላይ ተንከባለለች። ግን አልተወችኝም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨፈንኩ፣ ከጊዜ በኋላ የሾላውን ጥላ በጉንጬ ማወቅ ቻልኩ። ጥላ እንደሚሸትም ያኔ ነው የገባኝ። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሰው ልጅ የስሜት ሕዋሳትና ስለ ከተማ በየክፍሉ ሲነገረኝ፣ ይህንንማ አውቀዋለሁ እያልኩ መስኮት መስኮቱን አይ ነበር።

ከዚያ ጋምቤላ ራሷን የቻለች ክልል ሆነች። ደስታው እውነት ነበር፤ አልዋሽም። ሁልጊዜ ጠረፍ፣ ሁልጊዜ ሩቅ፣ ተመድቦ የሚመጣውም እንደ ቅጣት የሚቆጥራት ከተማ መናገሻ ሆነች ሲባል፣ የአሪየት አባት ሸሚዙን አስተኩሶ የለበሰው ያኔ ነው። አዳዲስ ቢሮዎች ተከፈቱ፣ አዳዲስ ኃላፊዎች ተሾሙ፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉና ከተማው ከተማ ይምሰል ተባለ። ከተማ መምሰል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ሰልፍ የሚያልፍበት ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ማለት ነበር። ቀጥ ያለው መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በጅረቱ ላይ ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። እናቴን ስለ ወባ ተናገሪ አሏት፤ እሷም ተነስታ በየሰፈሩ የተኛው ውሃ ይፍሰስ፣ ጉድጓዱ ይደፈን፣ አጎበር ይምጣልን አለች። የሚፈሰው ጅረት ይከደን የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። በማግሥቱ ግን ሥራውን የሚመሩት ኃላፊ «የጤና ባለሙያዎችም ደግፈውታል» ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ኃላፊው የአገሩ ሰው ነበሩ ወይስ ከደጋ የመጡ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ የሲሚንቶ ፍቅር በብሔር አይለይም። እናቴ ከዚያ በኋላ በየገበያው፣ በየክሊኒኩ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አስቁማ «ክደኑት አላልኩም!» ስትል ኖረች። የሰማት ሁሉ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ኮንክሪቱ ግን ተሞላ።

ሾላውን የቆረጡት ትምህርት ቤት ሆነን ነው። የመጋዙ ድምፅ ክፍላችን ድረስ ይሰማ ነበር፤ ዛፉ ሲወድቅ ዴስካችን ተንቀጠቀጠ፣ ወፎቹም እየጮኹ በመስኮታችን አለፉ። አሪየት ምን እንደሆነ ከሁላችን ቀድማ አወቀች። ስንለቀቅ ወጣን፤ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ቅዝቃዜውን ስትፈልግ፣ ፀሐይዋ ብቻ ግንባሯ ላይ ስታርፍ፣ እጇን ዘርግታ አየሩን ስትዳስስ አየኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዴን ያዘች። ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

ኃላፊውን ላናግር ያለችው እሷ ራሷ ናት። አባቷ ሥራ ስለነበረው እናቴ ይዛን ሄደች። ቢሮው አዲስ ቀለም ይሸታል፣ ቬንትሌተሩ ይንቋቋል፣ ኃላፊው እናቴን በአክብሮት ተቀብለው ወንበር ሰጧት። አሪየት ወንበር አልፈለገችም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነበርና «እርስዎ» የሚባለውን ነገር ጨርሶ አልተቀበለችውም፤ የትምህርት ቤታችንን ዲሬክተር ሳይቀር አንተ ትለው ነበር።

«ውሃውን የዘጋኸው አንተ ነህ?» አለች።

ኃላፊው ቀና አሉ። «ማንን ነው አንተ የምትዪው?»

«አንተን ነዋ። ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

እናቴ ይቅርታ ለመጠየቅ ስትጀምር አሪየት አቋረጠቻት። «ውሃው የእኔ መንገድ ነው። ዛፉም መንገድ ነው። አንተ መንገድ እሠራለሁ ብለህ መንገድ ቆረጥክ። አሁን እኔ በምን ልሂድ?»

ኃላፊው ሳቁ። በቁጣ ቢያባርሩን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ ልጅቷ እዚያ እንደሌለች ሁሉ፣ «ሲስተር፣ ከተማ ሲያድግ እንዲህ ነው። ዛፍ እንተክላለን። እሷንም ሰው ይያዛት፣ ሥርዓትም ያስተምራት» አሉ። አንተ መባላቸው ከሾላው ይልቅ አንገብግቧቸዋል። ስንወጣ አሪየት አላለቀሰችም፤ ያለቀሰችው እናቴ ናት።

ሰልፉ ተደረገ። እንግዶቹ መጡ፣ ቀጥ ባለው መንገድ አለፉ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። የተተከሉት ችግኞች የሚያጠጣቸው ጠፍቶ በመጀመሪያው በጋ ደረቁ። የኮንክሪቱ ክዳንም እስከ ዳር አልደረሰም ነበር፤ ሲሚንቶው አልቋል ተብሎ እዚህና እዚያ ክፍት ቀርቶ፣ ሰው ቆሻሻውን ይደፋበት ጀመር፣ በክረምት ውሃው እየገነፈለ ቤት ይገባል፣ በበጋ ከሥሩ እየተኛ ትንኝ ያፈላል። እናቴ የምታክመው የወባ በሽተኛ ቁጥሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

አሪየትን እጇን ይዤ እወስዳት ነበር። በመንገድ ላይ ወሬዋ ጠፋ። ክርኗን ማወዛወዝ ተወች። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞኝ ስቀር፣ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ወጣች፤ ኮንክሪቱን በእግሯ እየዳበሰች ሄዳ ክፍቱ ውስጥ ወደቀች። ቅልጥሟ ተሰበረ። ያወጧት መንገደኞች ናቸው፣ ያሰረችላት እናቴ ናት፣ አጥንቱ ግን ጠሞ ጠገገ። ሲሻላት አባቷ «በቃ» አለ፤ ፑኝዶ ከተማ የሚኖር አጎቷ መጥቶ ወሰዳት። አራተኛ ክፍል ነበርን። ከዚያ ወዲያ እኔ ፈተና ሳልወድቅ ለማለፍ ማጥናት ግድ ሆነብኝ፤ ይህን ሳስበው እስቅና መልሼ እናደዳለሁ። ማንም አልተጠየቀበትም። ኃላፊው ተዛውረው ሄዱ፤ ከሄዱም በኋላ ሌላ ከተማ ውስጥ ሌላ ቀጥ ያለ መንገድ እንዳሠሩ ሰምቻለሁ።

ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ ያንኑ ውሃ ግለጡት ተብዬ ተመለስኩ። በወረቀታችን ላይ ሁሉም ነገር አለ፦ ውሃው እንዲጮህ የሚደረደሩ ድንጋዮች፣ በእግር የሚለዩ ንጣፎች፣ በየወቅቱ የሚሸቱ ዛፎች። ወረቀቱን ያየ ሁሉ «እንዴት ያለ አዲስ ሐሳብ ነው!» ይላል። አዲስ! የነበረውን አጥፍተው፣ ለስንት ዓመት ቆሻሻ ደፍተውበት፣ አሁን እንደ ፈጠራ ያጨበጭቡልኛል። በዚህ ንዴት ውስጥ ሆኜ ፑኝዶ ሄድኩ።

አሪየትን ያገኘኋት ገበያ ውስጥ ነው፤ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች፣ የልጆች እናት ሆናለች፣ ስትቆም ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ድምፄን ስትሰማ ስሜን ጠራች፣ ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰች፣ ወፈርሽ ብላ ሰደበችኝ። ሾላውንም መልሰን እንደምንተክል ጨምሬ ዕቅዱን ነገርኳት። ጋምቤላ መጥተሽ የውሃው ጩኸት የት የት እንደነበረ አሳዪን፣ አብረሽን ሥሪው አልኳት። ጉልበቴ ላይ እጇን አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«የሾላው ጥላ ፊት ላይ የሚደርሰው መቼ ነው?» አለች።

«ብዙ ዓመት ይፈጃል» አልኳት። «ምናልባት ለልጆችሽ።»

«እሺ፣ ለልጆቼ እመጣለሁ» አለች። እጇን ከጉልበቴ አነሳች። «ውሃውን ታወጡታላችሁ፣ ጥሩ። እኔ ግን አራተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። እሱን ከየት ታወጡታላችሁ?»

 መልሴን አልጠበቀችም፤ ደንበኛ ቆሞ ነበርና ወደ እሱ ዞራ ዓሣውን በመዳፏ እያገላበጠች ትመርጥለት ጀመር።