ከሾርላይን እስከ ዴ ሞይን፦ የፋጡማን ድምፅ ፍለጋ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፤ ሾርላይን፣ ዋሽንግተን ስቴት

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ፊት ላይ የሚለጠፍ ካፊያ ነው እንጂ ዝናብ አይባልም። ባቡር ጣቢያው ላይ የምንጠብቀው ስምንት እንሆናለን። የሆስፒታል ዩኒፎርም የለበሰች ሴት፣ ትልልቅ ሻንጣ የያዙ ባልና ሚስት፣ ሌሎችም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። እኔም።

በዚህ ብሎግ በየሳምንቱ ስለ ስልክና ስለ አፕ እጽፍላችኋለሁ፤ በቀረው ቀን ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። የዛሬው ጽሑፍ ግን ስለ አዲስ ነገር አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ሰይድ ደወሉልኝ። ያወቅኳቸው ኤርፖርቱ ያለበት ከተማ፣ ሲታክ፣ አንድ ሆቴል ስሠራ ነው፤ እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልሰውን ሚኒባስ ይነዱ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ እዚያው ሆቴል ማታ ማታ አንሶላ ያጥቡ ነበር። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ለዓመታት በአንድ ቤት ኖረው በወጉ ሳይተያዩ የከረሙ ሰዎች ናቸው።

ያኔ ነው አንዲት የድምፅ መልእክት መላላኪያ አፕ በዚሁ ብሎግ ያስተዋወቅኩት። «ቀላል ናት፤ የላካችሁትም አይጠፋም» ብዬ ጻፍኩ። የሁለቱም ስልክ ላይ የጫንኩት እኔው ነኝ። እነሱም ትዳራቸውን በእሷ ኖሩ። እትዬ ፋጡማ ካረፉ ዓመት አለፋቸው።

«ልጄ፣ ስልኬ ታሞብኛል» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «የፋጡማን ድምፅ ስነካው ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አይናገርም። ሥራ ላስፈታሽ አልፈለግኩም ነበር። የሚጠግን ሰው ታውቂ እንደሆነ ውሰጂኝ።»

ስልካቸው አልታመመም። አፗን የሠራው ትንሽ ኩባንያ ተዘግቷል። «በስልሳ ቀን ውስጥ መልእክቶቻችሁን ዳውንሎድ አድርጉ» የሚለው ኢሜይል ለእኔም ደርሶኝ ነበር። አነበብኩት። ለአንባቢዎቼ እጽፋለሁ ብዬ ምልክት አደረግኩበት። በዚያው ሳምንት የሚታጠፍ አዲስ ስልክ ወጣና ስለ እሱ ጻፍኩ። ይህን ሐሙስ ዕለት አልነገርኳቸውም። ጠጋኟ ምናልባት አንድ ነገር ብታገኝ ብዬ ነው፤ ደግሞም ፈርቼ ነው።

1 ሰዓት ከሩብ፤ መሀል ከተማ

ባቡሩ ከመሬት በታች ገባ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጮክ ብሎ ያወራል። ከሰው ጋር መስሎኝ ነበር። «አይ፣ እሱን ተይውና በሦስት መስመር አሳጥሪልኝ» ሲል ከማሽን ጋር መሆኑ ገባኝ። ፊት ለፊቴ ያሉት ሁለት ወጣቶች አንድ ቪዲዮ እያዩ እውነተኛ ነው፣ በኤአይ የተሠራ ነው ይከራከራሉ። ቪዲዮው አለቀ፣ ሌላ ተተካ፣ ክርክሩም ተረሳ።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሁሉ ለእናንተ እይዘው ነበር። ዛሬ ግን መስኮት መስኮቱን እያየሁ ተጓዝኩ። ጋሽ ሰይድን ምን ብዬ እንደምጀምር አስቤ አስቤ ሲታክ ደረስኩ።

2 ሰዓት ተኩል፤ ሲታክ

ጣቢያው አጠገብ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ቆመው ይጠብቁኛል። ካፖርትና ኮፍያ፣ የተወለወለ ጫማ፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ይመስላሉ። ስልኩን በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አድርገውታል።

ጥገና ቤቱ በሐላል ሥጋ ቤትና በጎማ ቤት መሀል ያለች አንድ ክፍል ናት። ባለቤቷ ነጃት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ብሎጌንም ታነባለች። ስልኩን ተቀበለች፣ ከፈተች፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ሶ፣ ይሄ አፕ ተዘግቷል እኮ። አላወቅሽም?»

ዓይኔን ከእሷ ወደ ጠረጴዛው መለስኩ።

«ጋሼ፣ የእትዬ ድምፅ ስልክዎ ላይ አልነበረም» አለቻቸው። «የኩባንያው ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ነበር። ከዚያ ነበር የሚመጣልዎት።»

«ሰርቨሩ የት ነው?» አሉ ጋሽ ሰይድ። «እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ከሆነ እኔ እነዳለሁ።»

«ጠፍቷል ጋሼ። አጥፍተውታል።»

ወንበር ሰጠቻቸው። «ኦኬ፣ ቆይ፣ ውስጡን ልየው» ብላ ስልኩን ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘች። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለገች። ጋሽ ሰይድ ከጣቶቿ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። በመጨረሻ «ድምፅ አለ! ብዙ ነው!» አለች። እሳቸው ብድግ አሉ። አጫወተችው።

«እሺ፣ ሰምቻለሁ። መንዳት ላይ ነኝ» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

የራሳቸው ነበር። ሌላ ከፈተች፤ እሱም የእሳቸው። ሁሉም የእሳቸው። ሲልኩ የተቀዳው ስልካቸው ላይ ቀርቷል፤ ከእትዬ ፋጡማ የመጣው አንድም የለም።

ነጃት ከኮምፒውተሯ ወደ እሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ የእትዬ ቪዲዮ ካለዎት፣ የሠርግም ይሁን የምን፣ በኤአይ ድምፃቸውን ማሠራት ይቻላል። ራሳቸውን ነው የሚመስለው። የፈለጉትን እንዲሉ ማድረግ ይቻላል።»

«የፈለግኩትን?»

«አዎ።»

«ፋጡማ እኔ የፈለግኩትን ብላ አታውቅም» አሉ ጋሽ ሰይድ። ስልኩን ተቀብለው አመሰገኗት፤ መሐረቡን ግን ጠረጴዛው ላይ ረሱት። እኔ አነሳሁላቸው።

5 ሰዓት፤ ዴ ሞይን

ቤታቸው አልገባንም። ባሕሩ ዳር ወርደው ወደ ውሃው ከሚገባው የዓሣ አጥማጆች ድልድይ ፊት ለፊት ፓርክ አደረጉ። ሸርጣን የሚያጠምዱ ሰዎች ገመድ ይስባሉ። ሞተሩን አጠፉና ነጃት ፈልጋ ያወጣችላቸውን የራሳቸውን ድምፅ ተራ በተራ መክፈት ጀመሩ።

«አዎ፣ ውጫለሁ።»

«ይሄ የጉልበቴን መድኃኒት ጠይቃኝ ነው» አሉኝ።

«እሺ።»

«ይሄ… ከሥራ ጓደኞቿ ጋር የሆኑትን ስትነግረኝ ነው። ረጅም ነበር፤ አብረው የሳቁትን ሁሉ ነግራኛለች። እኔ ምን አልኩ? እሺ። በቃ፣ እሺ።»

«በኋላ፣ ሥራ ላይ ነኝ አልኩሽ እኮ።» ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቀጥሎ የተከፈተው ቃል የለበትም። ሳቅ ብቻ ነው፤ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይስቃሉ። ሁለቴ አጫወቱት።

«ምን ብላኝ ነው እንዲህ የሳቅኩት?» አሉኝ። እኔ የማውቅ ይመስል ፊቴን ያዩኛል።

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ አውቅ ነበር። ከመዝጋታቸው በፊት በኢሜይል ነግረውናል። ለእርስዎም ደርሶዎታል፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ልነግርዎት ይገባ ነበር። ረሳሁት።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«ስንት ቀን ሰጡ?»

«ስልሳ።»

«ስልሳ ቀን» አሉ። «በስልሳ ቀን በእግሬም ቢሆን ሾርላይን እመጣ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አላህ ይቅር ይበልሽ። እኔ ዛሬ አልችልም፤ ነገ እንጃ።» ቀጥለው «ያንቺን ጽሑፍ አንብበው እዚያ የገቡ ሌሎችም አሉ አይደል?» አሉኝ።

«አሉ።»

«ንገሪያቸው።»

«አሁን ምን ይጠቅማቸዋል? አንዴ ጠፍቷል።»

«እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስልኬን ነው ስረግም የከረምኩት። ጣቴ ደርቆ ይሆናል ብዬ በውሃ እያራስኩ ነክቻለሁ። ቢያንስ እሱን አይሞክሩ።»

ጣቢያው ድረስ አደረሱኝ። ስወርድ እንደ ወትሮው «ስትገቢ ኮል አድርጊልኝ» አላሉም።

8 ሰዓት፤ ወደ ሰሜን በሚሄደው ባቡር

የዱሮውን ጽሑፌን ከፈትኩ። «የላካችሁትም አይጠፋም» የሚለው መስመር እንዳለ ነው። ላጠፋው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። እሱን አጥፍቼ ንጹሕ ልመስል አልፈለግኩም። ከላዩ ላይ አፗ መዘጋቷን፣ መልእክቶቹ መጥፋታቸውን፣ ጊዜው ሳያልፍ አውቄ አለመናገሬን ጻፍኩበት። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ናት። መሀል ከተማ ስንደርስ ለጠፍኳት።

10 ሰዓት ሊሆን ሲል፤ ሾርላይን

ካፖርቴን ሳላወልቅ ከጽሑፉ ሥር የአንዲት አንባቢ አስተያየት አገኘሁ። «እህቴ፣ የእናቴ ድምፅ እዚያ ነው ያለው። አልከፍት ያለኝ ኢንተርኔቴ ደካማ ሆኖ መስሎኝ ነበር። ጽሑፍሽን እንደነገሩ ነው ያየሁት፤ ልጆች ይዣለሁ። የት ሄጄ ላስወጣው?» ይላል።

«አዝናለሁ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። በጽሑፍ የሚነገር አልመሰለኝም። ስልክ ቁጥሯን ጠየቅኳት፤ ወዲያው ላከችልኝ። ደወልኩ።

ከኋላዋ ልጆች በእንግሊዝኛ ይጯጯኻሉ። ስሜን ነገርኳት።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ! ጎሽ፣ ተባረኪ» አለች፤ ድምፅዋ ላይ ደስታ አለ። «ቆይ፣ ቆይ፣ እስክሪፕቶ ልያዝ። የምትነግሪኝን እንዳልረሳ ልጻፈው።»

መሳቢያ ስትከፍት ይሰማኛል። ጠበቅኳት።