በምሳ ሰዓት የተጨመረ ውሃ

ሳይት ላይ «ሐኪሙ» ይሉኛል። አርማታ አይቼ በሽታውን እናገራለሁ። ተሰነጣጥቆ ካደረ ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ መቶታል፤ ጠጠሩ አግጦ ክፍተት ካለው የሚጠቀጥቀው ቫይብሬተር በደንብ አልገባለትም፤ ላዩ በጥፍር ሲጫር ዱቄት ከሆነ ደግሞ ውሃ በዝቶበታል። ይሄን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያንን ጉድ የሠራሁት።

አርማታ በሚያቦካው ሚክሰር ላይ የነበሩት ጋሼ ልኩ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ በባልዲ እየቆጠሩ ሲጨምሩ ከልኩ አሳልፈው አያውቁም። የሁለተኛውን ፎቅ የወለል አርማታ፣ ሶሌታውን፣ በሞላንበት ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። አርማታው ቶሎ እየደረቀ ከጋሪ አልወርድ አለ፤ ሠራተኛውም ያጉረመርማል። ውሃ ይጨመርበት ብላቸው ሞቼ እገኛለሁ አሉኝ። ተራቸው ደርሶ ምሳ እስኪሄዱ ጠብቄ እኔው ራሴ በየዙሩ ሁለት ሁለት ባልዲ ደፋሁበት። አርማታው እንደ ሾርባ ፈሰሰ፤ የቀን ሠራተኞቹ መረቁኝ። ጋሼ ሲመለሱ የቀረው ሙሌት አልቆ ነበር።

በወሩ ላቦራቶሪ የላክነው ናሙና ከሚፈለገው ጭነት በግማሹ ተፈረካከሰ። ያዩኝ የቀን ሠራተኞች ያኔ ሌላ ሳይት ገብተዋል። ኢንጂነሩ የቀረነውን ሰብስቦ፣ «ሐኪሙ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«ውሃ በዝቶበት ነው» አልኩ።

ሚክሰሩ ላይ ማን ነበር ሲል አንገቴን ደፋሁ። ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ሶሌታው ይፍረስ፣ እሳቸውም ይሰናበቱ ተባለ። እኔ ከሌሎቹ ጋር ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

በሳምንቱ አንድ ቀን ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ በረንዳው ላይ ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው በባልዲ ውሃ እየገለበጡ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ከሥራ ከተሰናበቱ ጀምሮ ውሏቸው ይኸው ነው አሉኝ ባለቤታቸው። ጋሼ አፍረው ሳቁ።

«እጄን አላምነው ብዬ ነው፣ ልጄ። እርጅና ሳይሆን አይቀርም። መቼ እንደሳትኩ እንኳ አላውቅም።»

«አልሳቱም ጋሼ። ምሳ ሲሄዱ እኔ ነኝ የጨመርኩት» አልኳቸው።

ባልዲውን አስቀመጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለኢንጂነሩ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ እኔ ቤት ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

ኢንጂነሩ ከሳይቱ ቢሮ የሚወጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ገና አሥር ሰዓት ስለነበር ወደ ሳይቱ ተመለስኩ።