በገመዱ የገባው ዝናብ

ያለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ዛሬም ከጣሪያ የወረደ ገመድ ባየሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ያስቀኛል፤ ያናድደኛልም።

ደብረ ማርቆስ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ እተይባለሁ። ባለጉዳይ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ። የሦስት ዓመት ግጥሞቼ በሙሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነበሩ። ሰው ይሰርቀኛል ብዬ ፍላሽ ላይ እንኳ ገልብጬ አላውቅም። ማን እንደሚሰርቀኝ አሁን ሳስበው ግራ ይገባኛል።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተር የተማረው ጓደኛዬ ይበልጣል እየሮጠ መጣ። የእኛ ኮምፒውተር ዋይፋይ የሚቀበልበት ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ ቀዳዳ ተገኝቶበታል። ከአየር የሚመጣለትን መልእክት ልኩን ሳያይ ይቀበላል፤ ከተመደበለት ቦታ የተረፈው ከጎኑ ባለው ሜሞሪ ላይ ይፈሳል። ይህን የሚያውቅ ክፉ ሰው ሆን ብሎ ረዥም መልእክት ልኮ ኮምፒውተሩን እንደ ራሱ ያዘዋል።

«ምንም ሳልነካ?»

«ምንም ሳትነካ። ዋይፋዩ የሚደርስበት ቦታ መቆም ይበቃዋል።»

መንገዱ ማዶ ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁሉ የግጥም ሌባ መሰለኝ።

ከሮብ ገበያ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡት አያ ሞላ ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። «ጎተራው መሙላቱን ሳያይ የሚገለብጥ ሰው ነዋ» አሉ። ይበልጣል ከእሱ የተሻለ እንዳስረዱ መሰከረላቸው።

ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ገና አልወጣም። እስከዚያው ድራይቨሩ ጭራሽ እንዳይነሳ አግዶ በገመድ መጠቀም ነው። ይበልጣል አገደውና ሄደ። እኔ ኢንተርኔት ከምንጋራው ልብስ ሰፊ ቤት ገመዱን በጣሪያ ጠርዝ አምጥቼ፣ በመስኮቱ አናት አስገብቼ፣ ቀጥ አድርጌ ወጥሬ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። እንደ ጥሩ ስንኝ ቀጥ ብሎ ወረደ።

አያ ሞላ ቀና ብለው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች አጉብጠው። ውሃ ገመድ ይዞ ይገባል።»

«አያ፣ ይኼ እኮ የመረጃ ገመድ ነው፤ ውሃ አይሄድበትም» አልኋቸው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው።

«እንግዲህ አንተ ካልህ።»

ቆልፈን ምሳ ሄድን። ዝናቡ ወረደ። ስንመለስ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ውሃው ገመዱን ተከትሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ኮምፒውተሩ ሆድ ገብቷል። ይበልጣል ፈታትቶ አየው፤ ዲስኩም አልተረፈም።

እትዬ ጥሩወርቅ «ሌባው ቢወስደው ይሻልህ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሰው ያነብልህ ነበር» አሉኝ።

ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን፣ ወረቀት እየቆጠሩ፣ ስለ ጭቃ የጻፍሁትን ግጥም ከአፋቸው ሰማሁት። እስከ መጨረሻው።

«ምን ላድርግ? በየቀኑ ስታነበንበው ጆሮዬን በሳኸው!»

ደብተር አወጣሁ። እሳቸው እያሉ እኔ ጻፍሁ። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ግጥም ተረፈ። ሁለቱ ላይ የራሳቸውን ስንኝ አስገብተዋል፤ ከእኔ ስለሚሻል አላወጣሁትም። ጮክ ብዬ ላነብበው አፍሬ የደበቅሁት ሁሉ ግን ጠፋ።

አፕዴቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣ። የሚጫንበት ኮምፒውተር አልነበረም።

ሌላ ኮምፒውተር ከተገዛ በኋላ አያ ሞላ የጠፋውን ማመልከቻቸውን እንደ አዲስ ሊያስጽፉ ሲመጡ ገመዱ በመስኮቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ፣ ጠብታው ውጭ ሲወርድ አዩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ተራዬ ደርሷል?» ብቻ አሉ። ከተቃጠለው ኮምፒውተር ይልቅ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ ቢስቁብኝ ይቀለኝ ነበር።